ሁለተኛ ቤዝ የደካማ ክንድ ቦታ ነው? ለአንድ አባት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ12 ዓመት በታች ፋስትፒች ሶፍትቦል (የቤዝቦል ዘመድ የሆነ ጨዋታ) ቡድን ትጫወታለች። እስካሁን ራይት ፊልድ (የውጭው ሜዳ ቀኝ በኩል) ነበረች፤ ዘንድሮ አሠልጣኟ ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዛውሯታል። እኔ በእግር ኳስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ጨዋታ የተማርኩት ከእሷ ጋር ነው። ሌሎች ወላጆች ‹እዚያ የሚያስቀምጡት ክንዷ የደከመ ልጅ ነው› ይላሉ። እውነት ነው? ምን ችሎታ ያስፈልጋታል? ጓሮ ውስጥስ ምን ላለማምዳት?»

ወላጆቹ የሚሉት ግማሽ እውነት አለው። ሁለተኛ ቤዝ የምትጫወት ልጅ ከተለመደው ቦታዋ ወደ አንደኛ ቤዝ የምትወረውረው 12 ሜትር ገደማ ሲሆን በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የምትቆመው ሾርትስቶፕ ግን ከ20 ሜትር በላይ መወርወር አለባት። ስለዚህ እግሯ ፈጣን ሆኖ ክንዷ ገና ያልጠነከረ ልጅ ከውስጥ ሜዳ የሚስማማት ይህ ቦታ ነው። ይሁንና ከዚህ ተነስቶ «መደበቂያ ቦታ ነው» ማለት ጨዋታውን አለማወቅ ነው። ቲያሬ ጄኒንግስ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን አብራው ነበረች፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጫወተችው ሁለተኛ ቤዝ ነበር። መደበቅ የሚያስፈልጋት ልጅ አልነበረችም።

በቴሌቪዥን የሚያዩት የወንዶች ቤዝቦል እንዳያሳስትዎ። እዚያ ከቤዝ ቤዝ ያለው ርቀት 90 ጫማ ነው፤ በሶፍትቦል 60 ጫማ፣ 18.3 ሜትር ገደማ ነው። በልጅዎ ዕድሜ ፒቸሯ፣ ማለትም ኳሷን ለመቺዋ የምትወረውረው ልጅ፣ የምትወረውረው ከ40 ጫማ ላይ ነው። ሜዳው ስላጠረ ባንት፣ ማለትም ዱላውን ሳይወነጭፉ ኳሷን ከሆም (መቺዋ ከምትቆምበት ቤዝ) ፊት ለፊት አብርዶ መጣል፣ ትልቅ መሣሪያ ሆኗል። ይህን ለመከላከል የአንደኛና የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቾች ከቤዛቸው ፊት ወጥተው፣ ወደ መቺዋ ቀርበው ይቆማሉ፤ መቺዋ ለባንት ስትዘጋጅ ሲያዩ ደግሞ ይበልጥ ወደፊት ይሮጣሉ። ያን ጊዜ አንደኛ ቤዝ ባዶ ይቀራል። ባለቤቷ በዚያች ቅጽበት ልጅዎ ናት። በእግር ኳስ የመስመር ተከላካዩ ለማጥቃት ሲወጣ የተወውን ክፍተት ሮጦ የሚሞላ አማካይ እንዳለ ሁሉ፣ እዚህም ሥራው የሚጀምረው ጓደኛዋ ቦታዋን ለቃ ስትሄድ ነው። በሁለተኛ ቤዝ ላይ አብዛኛው ሥራ ኳስ ሳይነኩ የሚሠራ ነው የምለው ለዚህ ነው። ከመቀመጫ ሆነው ሲያዩት «ዛሬ ምንም አልሠራችም» የሚመስለው ጨዋታ ብዙ ጊዜ በደንብ የተጫወተችበት ነው።

ስለዚህ ልምምዱን ከመወርወር ሳይሆን ከዚህች ሩጫ ይጀምሩ። መቺዋ ፊቷን ወደ ፒቸሯ አዙራ ዱላውን ስታጋድም፣ ልጅዎ ሁለት እርምጃ ወደ አንደኛ ቤዝ ትነሳለች፤ ዓይኗ ግን ከዱላው አይነቀልም። ለምን በሁለት እርምጃ ብቻ? አንዳንድ መቺዎች ባንት አስመስለው ዱላውን መልሰው ይስቡና በአጭሩ ይመታሉ። ልጅዎ ገና ዱላው ሲጋደም ጭንቅላቷን ደፍታ ከሮጠች ኳሷ እሷ በለቀቀችው ክፍተት ታልፋለች። ኳሷ መሬት ስትነካ ነው በሙሉ ኃይሏ የምትሮጠው። ቤዙ ጋ ስትደርስ ሩጫዋን ሰብራ፣ ተረከዟን ከቤዙ ጠርዝ አስጠግታ፣ ደረቷን ወደ ኳሷ ታዞራለች። ጓንቷን በሜዳው በኩል፣ ከሯጯ መንገድ ውጭ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ ወርዋሪዋ የምታነጣጥረው እዚያ ነው። እግሯን የምትዘረጋው ኳሷ ከእጅ ከወጣችና የት እንደምትሄድ ካየች በኋላ ነው። ቀኝ እጇ ወርዋሪ ከሆነ ቀኝ እግሯ የቤዙን ጠርዝ ይነካል፣ ግራዋ ወደ ኳሷ ይዘረጋል። ኳሷ ሳትመጣ ቀድማ የተዘረጋች ልጅ ኳሷ ወደ ጎን ከሄደች መንቀሳቀስ አትችልም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ዘግይቶ መድረስ። ልጅቷ እየሮጠች በቤዙ ላይ ታልፋለች፣ ኳሷንም በሩጫ ላይ ሆና ለመያዝ ትሞክራለች፤ ወይ ትለቃታለች፣ ወይ ከሯጯ ጋር ትጋጫለች። ብዙ ሊጎች ለዚህ ሲሉ ድርብ አንደኛ ቤዝ ይጠቀማሉ፤ ነጩ የተከላካይዋ፣ ብርቱካናማው የሯጯ ነው። ድርብ ቤዝ ግን መዘግየትን አያድንም። መድኃኒቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም፣ ከመነሻው የቆመችበት ቦታ ነው፤ ባንት የሚጠበቅ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ ወደ አንደኛ ቤዝ ጠጋ ብላ ትጀምር። ሌላው ስህተት ከያዘች በኋላ የሚመጣ ነው። ሯጯን አውት አድርጋ (ከሩጫው አስወጥታ) ደስ ብሏት ትቆማለች፤ በዚያው ቅጽበት ከአንደኛ ተነስታ ሁለተኛ የደረሰችው ሌላዋ ሯጭ ሦስተኛ ቤዝ ባዶ መሆኑን አይታ ትቀጥላለች። ስለዚህ ልማዷ «ያዢ፣ ዙሪ፣ ሦስተኛን እዪ» ይሁን። ኳሷን ይዛ ዓይኗን ወደ ሦስተኛ ቤዝ ሳታዞር የተጠናቀቀ ባንት የለም።

ከባንት የሚብሰው ስላፐር ነው። ስላፐር በግራ በኩል ቆማ፣ ኳሷን እየመታች ሩጫ የምትጀምር ፈጣን ልጅ ናት። በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱት ከሆም እስከ አንደኛ ቤዝ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ። በ12 ዓመት ደረጃ እንዲህ ያለ ፍጥነት ብርቅ ቢሆንም ክንዶቹም እንደዚያው ደካሞች ስለሆኑ ችግሩ ያው ነው። ለስላፐር ልጅዎ ከሁለቱ ቤዞች መስመር ኋላ መቆሟን ትታ መስመሩ ላይ ወይም አንድ እርምጃ ከፊቱ ትቁም፤ ወደ አንደኛ ቤዝም ትጠጋ። ትልቁ ጣጣ ከፒቸሯ አልፋ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ዝግ ብላ የምትንከባለለው ኳስ ናት። የአንደኛ ቤዝ ልጅም ትሮጥላታለች፣ ፒቸሯም፣ ልጅዎም፤ ሦስቱም ከደረሱ ቤዙ ላይ ማንም የለም። ይህ በጩኸት አይፈታም፤ ከፒቹ (ከፒቸሯ ውርወራ) በፊት መወሰን አለበት። የብዙ ቡድኖች ስምምነት እንዲህ ነው፦ የአንደኛ ቤዝ ልጅ በቀጥታ ፊቷ ያለውን ብቻ ትወስዳለች፣ በቀኟ በኩል የሚያልፈውን ትተወዋለች፤ ትታው ስትመለስ ቤዙ የእሷ ነው። የእርስዎ ቡድን ሌላ ስምምነት ሊኖረው ይችላል። ዋናው ነገር ሦስቱም ልጆች ሲጠየቁ አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው ነው።

አሁን ወደ አቋቋም እንምጣ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም። በሰዓት 50 ማይል የምትወረወር ኳስ ከ40 ጫማ ላይ ከፒቸሯ እጅ እስከ ሆም የሚፈጅባት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ኳሷ ከተመታች በኋላ መዘጋጀት የሚባል ነገር የለም። ፒቸሯ ክንዷን ስታሽከረክር ልጅዎ አንድ ትንሽ እርምጃ በቀኝ፣ አንድ በግራ ወደፊት ትራመዳለች፤ ከዚያ ሁለት እግሮቿ ከትከሻዋ ትንሽ ሰፋ ብለው፣ ክብደቷ በእግሯ ፊተኛ ክፍል ላይ ሆኖ፣ ኳሷ መቺዋ ጋ በምትደርስበት ቅጽበት መሬት ይነካሉ። ቀድማ ካረፈች እግሯ ተረከዙ ላይ ይቀመጣል፣ ይደርቃል። ዘግይታ ካረፈች ኳሷ ስትመታ አየር ላይ ናት። ይህንን ለማየት ቪዲዮ ይበቃል፤ ስልክዎን ከአጥሩ ኋላ ይዘው ልጅዎና መቺዋ አብረው እንዲታዩ አድርገው ይቅረጹ። ዱላው ኳሷን ሲነካ ምስሉን ያቁሙና እግሯን ይዩ። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ቀርፋፋ የምትመስላቸው በእግሯ ሳይሆን በዚህች ቅጽበት ስለምትስት ነው።

የት ትቁም? ሯጭ በሌለበት፣ ባንት በማይጠበቅበት ጊዜ ከሁለተኛ ቤዝ 6 ሜትር ያህል ወደ አንደኛ በኩል፣ ከመስመሩ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሜትር ኋላ ብትሆን ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቦታው በሁኔታው ይቀያየራል። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለችና ያቺን ነጥብ መከላከል ግድ ከሆነ ወደ መስመሩ ትጠጋለች፤ ሁለት አውት ካለ ትመለሳለች፣ ሯጯን መያዝ አያስፈልግምና። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለችና ኳሷ መሬት ለመሬት ትመታለች ተብሎ ከተጠበቀ አንድ እርምጃ ወደ ሁለተኛ ትጠጋለች። አንዲት ነገር ልጨምር፤ ለዚህ ዕድሜ ከባድ ቢመስልም ልጆች ቶሎ ይይዙታል፦ ከሁለተኛ ቤዝና ከሾርትስቶፕ የካቸሯ፣ ማለትም ከመቺዋ ኋላ ሆና ኳሷን የምትቀበለው ልጅ፣ ለፒቸሯ ምልክት የምትሰጥባቸው ጣቶችና ጓንት ይታያሉ። ለቀኝ መቺ ፒቹ ወደ ውጭ ጠርዝ ከሆነ ኳሷ ወደ ልጅዎ የመምጣት ዕድሏ ይጨምራል። ዝግተኛ ፒች ከሆነ መቺዋ ቀድማ ትወነጭፋለች፤ ቀኝ መቺ ወደ ሦስተኛ በኩል፣ ግራ መቺ ደግሞ ወደ ልጅዎና ወደ አንደኛ ቤዝ ትስበዋለች። ይህን ካወቀች በኋላ ግን ፒቹ ሳይወረወር እንዳትንቀሳቀስ፤ የተቃራኒው ቡድን አሠልጣኝም ዓይን አለው።

መሬት ለመሬት የምትመጣ ኳስን በተመለከተ አሠልጣኟ ያስተምራታልና ብዙ አልልም፤ ለዚህ ቦታ ብቻ የሚሆነውን ልናገር። ኳሷን በትንሹ ከቀኝ ዞር ብላ ትቅረባት፤ ያን ጊዜ ስትይዛት ሰውነቷ ራሱ ወደ አንደኛ ቤዝ መሄድ ይጀምራል። ጓንቱ ከታች ወደ ላይ ይምጣ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጓንት ኳሷ በእግር መካከል እንድታልፍ በር ይከፍታል። በግራዋ በኩል ወደ አንደኛ ቤዝ የምትሮጥ ከባድ ኳስ ካለች ሁልጊዜ በንጽሕና መያዝ የለባትም። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ኳሷን በደረቷ ወይም በጓንቷ ብታቆማትና ብታነሳት አሁንም አውት ልታደርግ ትችላለች። ይህ ለሾርትስቶፕ የማይገኝ ዕድል ነው። በቀኟ፣ ከፒቸሯ ኋላ ወደ መሐል የምትሄደውን ኳስ ደግሞ ጓንቷን ገልብጣ ትይዝና ቀኝ እግሯን ተክላ ትቆማለች፤ እየሮጡ መወርወር እዚህ ኳሷን ወደ አጥሩ ይልካታል።

የአጭር ውርወራ ወጥመድ ብዙ ልጆችን ያሳስታል። ሩቅ መወርወር ሲኖርባቸው ሙሉ ክንዳቸውን ይጠቀማሉ፣ ኳሷም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። 8 ሜትር ሲሆን ግን «ቀስ ልበል» ብለው ኳሷን በእጃቸው ይገፏታል፤ ወይ ከጓደኛቸው በላይ ታልፋለች፣ ወይ እግሯ ሥር ትወድቃለች። ምክንያቱ ክንድ አይደለም። እግራቸው ወደ ዒላማው አልዞረም። መጠኑ የቱንም ያህል ቢያንስ የግራ እግሯ ጫፍና የግራ ትከሻዋ መጀመሪያ ወደ አንደኛ ቤዝ መዞር አለባቸው። ከዚያ ክርኗን በትከሻዋ ልክ አንስታ፣ እጇን ከክርኗ ጀምራ ብቻ በመዘርጋት፣ እንደ ዳርት (በእጅ እንደሚወረወር ትንሽ ቀስት) ትወረውራለች፤ የሚቀንሰው የክንዱ ጉዞ እንጂ የኳሷ ፍጥነት አይደለም። ልጅዎ ከ10 ዓመት በታች 11 ኢንች ዙሪያ ባላት ኳስ ተጫውታ ከሆነ፣ አሁን የያዘችው የ12 ኢንቿን ነው፤ እጇ ትንሽ ከሆነ በሁለት ሳይሆን በሦስት ጣት፣ ስፌቱን አቋርጣ ትያዛት። ከመዳፏ ጋር የተጣበቀች ኳስ ከእጅ ዘግይታ ስለምትወጣ ዝቅ ብላ ትሄዳለች።

ሁለተኛ ቤዝ ላይ ወደ ቆመችው ሾርትስቶፕ የሚሰጥ ኳስ ሌላ ሙያ ነው። ልጅዎ ከቤዙ በ3 ሜትር ውስጥ ከሆነች ከታች፣ አንጓዋን አጽንታ፣ ሳታሽከረክር ትለቃለች፤ ከለቀቀች በኋላም አንድ እርምጃ ኳሷን ተከትላ ትሄዳለች። ቆማ ከለቀቀች ኳሷ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። ከመስጠቷ በፊት ኳሷን ከጓንቷ አውጥታ ታሳያት፤ ከጓንት ጋር ተደብቃ የመጣች ኳስ ለተቀባይዋ ከየትም ያልመጣች ይመስላታል። ከዚያ በላይ ከራቀች ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን አዙራ፣ ከጎን በአጭሩ ትወረውራለች።

ኳሷ ከሾርትስቶፕ ወይም ከሦስተኛ ቤዝ መጥታ ልጅዎ ራሷ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የምትቀበል ከሆነ ቀድማ መድረስ አለባት። ግራ እግሯ ቤዙ ላይ፣ ደረቷ ወደ ወርዋሪዋ ይሁን። ከያዘች በኋላ በግራ እግሯ ቤዙን ገፍታ ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ታሳርፋለች፣ ከዚያ በግራ ወደ አንደኛ ቤዝ ተራምዳ ትወረውራለች። ያ የኋላ እርምጃ ከተንሸራታችዋ ሯጭ ያርቃታል። ሆኖም ልብ ይበሉ፤ በ12 ዓመት ደረጃ ሁለት አውት በአንድ ኳስ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የተረጋገጠ አንድ አውት ወስዳ ኳሷን ብትይዝ፣ ሁለተኛውን ለማግኘት ስትቸኩል ኳሷን ወደ አጥሩ ከምትልክ ይሻላል። ይህን አንዳንድ አሠልጣኞችም ይረሱታል።

ቤዙ ላይ በሰዓቱ መገኘት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት የቶኪዮ ኦሊምፒክን የፍጻሜ ጨዋታ ፈልገው ይመልከቱ፤ በ2021 ሐምሌ ወር ጃፓን አሜሪካን 2 ለ 0 ያሸነፈችበትን። በስድስተኛው ኢኒንግ (ዙር) በኃይል የተመታች ኳስ የጃፓኗን የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች እጅ ነክታ ተፈናጠረች፤ ሾርትስቶፗ ማና አጹሚ መሬት ሳትነካ ያዘቻትና ወዲያው ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረች፣ ሯጯም መመለስ ሳትችል ቀረች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ያዘችው ልጅ ነው። ያ ውርወራ ግን ቤዙ ላይ የሚቀበል ሰው ባይኖር ምንም አይሆንም ነበር።

ወደ ስርቆት፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ወደ መሮጥ፣ እንለፍ። በሶፍትቦል ሯጭ ቤዟን መልቀቅ የምትችለው ኳሷ ከፒቸሯ እጅ ስትወጣ ነው። ሯጯ ወደ ሁለተኛ ስትሰርቅ አብዛኞቹ ቡድኖች ቤዙን ለሾርትስቶፕ ይሰጣሉ፤ ምክንያቱም መቺዋ ባንት ብታደርግ ልጅዎ አንደኛ ቤዝ ላይ ትፈለጋለች። ባንት ካልሆነ ልጅዎ ከቤዙ ኋላ ሄዳ የካቸሯ ውርወራ ቢያመልጥ ታቆመዋለች። ቤዙን የምትወስደው እሷ ከሆነች ቤዙን በእግሮቿ መካከል አድርጋ ትቆማለች፣ ኳሷ ወደ እሷ እስክትመጣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጓንቷን በቤዙ ፊት መሬት ላይ ታሳርፋለች፤ ሯጯ ራሷ እግሯን ወደ ጓንቱ ታመጣዋለች። ኳስ ሳትይዝ የሯጯን መንገድ መዝጋት ግን አይፈቀድም፤ ዳኛው ቤዙን ለሯጯ ይሰጣታል። አንደኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች ካሉ ደግሞ ልጅዎ ብዙ ጊዜ የምትሠራው ሌላ ሥራ አለ፦ ወደ ፒቸሯ ኋላ ጥቂት እርምጃ ትገባና የካቸሯን ውርወራ መንገድ ላይ ትቆማለች። የሦስተኛ ቤዝ ሯጭ ወደ ሆም ከተነሳች ኳሷን ቆርጣ (መንገድ ላይ ይዛ) ወደ ሆም ትመልሳለች፤ ካልተነሳች ትተዋለች፣ ኳሷ ወደ ሁለተኛ ትቀጥላለች። ከተለመደው ቦታዋ እስከ ሆም 24 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደፊት መግባቷ ያንን ርቀት ያሳጥርላታል። ለክንዷ የሚጠቅመው ይህ ነው።

የአንደኛ ቤዝ ልጅ ባንትን ፈርታ ወደፊት ስትቆም የአንደኛ ቤዝ ሯጭ «ከኋላዬ ማንም የለም» ብላ ከቤዟ ብዙ ትርቃለች። ልጅዎ ፒቹ እንዳለፈ በዝምታ ከሯጯ ኋላ ወደ ቤዙ ብትሾልክና ካቸሯ ብትወረውርላት ነጻ አውት ነው። ግን አስቀድመው ምልክት ሊስማሙ ይገባል፤ ካቸሯ ማንም ወደሌለበት ቤዝ ከወረወረች ሯጯ እስከ ሦስተኛ ትሄዳለች። ሯጮች ባሉበት ጊዜ ካቸሯ ኳሷን ለፒቸሯ ስትመልስም ልጅዎና ሾርትስቶፗ ሁለት እርምጃ ወደ ፒቸሯ ኋላ ይጠጉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ መቶ ጊዜ ይደረጋል፣ አንድ ቀን ያድናል።

ወደ ላይ የተነሳች ኳስን በተመለከተ ልጅዎ ከሌሎች ትቀድማለች፣ ራይት ፊልድ ስለተጫወተች። ከአንደኛ ቤዝ ኋላና በአጭር ራይት ፊልድ የምትወድቀው ኳስ የእሷ ናት፤ የአንደኛ ቤዝ ልጅ ወደፊት ስለምትቆም አትደርስባትም። ፊቷን ወደ ሆም አድርጋ ወደ ኋላ እየተራመደች አትሂድ፤ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ከፍታ ትዙር፣ በትከሻዋ ላይ እያየች ትሩጥ። ከራይት ፊልድ የመጣችው ልጅ «የኔ» ካለች ግን ልጅዎ ትለቃለች፤ ወደፊት የሚሮጥ ሰው ኳሷን በተሻለ ያያልና። ኳሷ በቀኝ በኩል ርቃ ከሄደች ልጅዎ ወደ ሜዳው ወጥታ፣ ሁለት እጇን አንስታ፣ በወርዋሪዋና በመድረሻ ቤዙ መካከል ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ከያዘችም በጓንቷ በኩል ትዞራለች። ኳሷ በግራ በኩል ከሄደች ሁለተኛ ቤዝን ትሸፍናለች። አንዲት ለየት ያለች ነገር አለች፣ ልጅዎ ከሌላው ወገን ሆና ታውቃታለች፦ በሶፍትቦል የራይት ፊልድ ልጅ በኃይል የተመታችውን ኳስ ይዛ መቺዋን አንደኛ ቤዝ ላይ አውት ልታደርጋት ትችላለች። ያን ጊዜ ልጅዎ ከውርወራው መንገድ መውጣት አለባት፤ ኳሷን ለመቁረጥ እጇን ብታነሳ የጓደኛዋን አውት ታበላሻለች።

ሁሉ ነገር ሲያበቃ ኳሷ ወደ ፒቸሯ ክብ ትመለስ። በፒቸሯ ዙሪያ ያለው ክብ 8 ጫማ ሬዲየስ አለው፤ ፒቸሯ ኳሷን ይዛ እዚያ ውስጥ ከቆመች ሯጯ ወዲያው ወይ መቀጠል ወይ መመለስ አለባት፣ እየተንገዋለለች መቆም አትችልም። ሯጭ ሲያስቸግራቸው ብዙ ትናንሽ ልጆች ኳሷን ይዘው እየዞሩ ይሮጣሉ ወይም ወደ ቤዝ ይወረውራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ወደ ክቡ መመለስ ብቻ ነው።

ለጓሮ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ምልክት 6 ሜትር አራርቀው መሬት ላይ ያድርጉ፤ ዱላ ይዘው ያጋድሙና ሁለት እርምጃ እንድትነሳ፣ ኳሷን ሲጥሉ እንድትሮጥ፣ ቤዙ ጋ ቆማ እንድትቀበል ያድርጉ። ስምንት ጊዜ በቂ ነው፤ በሁለቱ ግን ዱላውን መልሰው ይሳቡና መልሳ መቆም መቻሏን ይዩ። ይህን ካላደረጉ በዱላ ሳይሆን በልምድ መሮጥ ትጀምራለች። ከዚያ ከግድግዳ 3 ሜትር ርቃ በቴኒስ ኳስ ለአምስት ደቂቃ ያለ ጓንት ወይም በትንሽ ጓንት ትያዝ። ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ባልዲ አስቀምጠው 20 የታች ውርወራ ትስጥ። በሳምንቱ ውስጥ የላይ ውርወራዋ ብዛት ይታሰብ፤ በቡድን ልምምድ ቀን ብዙ ከወረወረች ጓሮ ላይ ለክንዷ ዕረፍት ይስጡት፣ የእግር ሥራ ብቻ ይሥሩ። ክርኗን ወይም ትከሻዋን አመመኝ ካለች «ትጠነክራለሽ» አይበሏት፤ ያቁሙና ለሐኪም ያሳዩዋት።

ጓንቷ ራይት ፊልድ ላይ የተጠቀመችበት ትልቁ ከሆነ ምናልባት ይቀየር፤ ለውስጥ ሜዳ 11.5 ወይም 12 ኢንች የሆነ፣ ጥልቀቱ አነስ ያለ ጓንት ኳሷን ከጓንት ወደ እጅ በፍጥነት ያወጣል። ጥልቅ ጓንት ኳሷን ውስጡ ስለሚቀብራት ጊዜ ይበላል። የውስጥ ሜዳ የፊት መከላከያም ይግዙላት፤ ደንቡ ባያስገድድም እንኳ ለዚህ ርቀት ትርፍ ወጪ አይደለም።

ቀጣዩ ልምምድ ላይ ለአሠልጣኟ ሁለት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ «ስላፐር ስትመጣና ሯጭ አንደኛ ላይ ስትኖር ሁለተኛ ቤዝን ማን ይሸፍናል?» እና «በዝግታ ወደ አንደኛ በኩል የምትንከባለል ኳስ የማን ናት?» መልሱን ካገኙ በኋላ ቤት ሲመለሱ ያንኑ ጥያቄ ልጅዎን ይጠይቋት፤ ሁለቱ መልሶች ካልተገጣጠሙ ስልክ ከመደወል ይልቅ እሷ ራሷ ሄዳ እንድትጠይቀው ይንገሯት።